የቅሬው በር የታችኛው ሲሊንደር

ሌባው ቃሬዛውን አልወሰደም።

የቅሬው መጋዘን በር ሲከፈት ውስጡ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የሬሳ ቃሬዛ ብቻ ነበር። ለተፈናቃይ የመጣው ስንዴና ዘይት የለም። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የሉም። ድንኳኑ የለም፣ ምንጣፎቹም የሉም። ቃሬዛው የቀረው ገዢ ስለሌለው ነው። ሌባውን ገና ሳላየው ናቅሁት።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ታጣቂዎቹ ሐይቅ ከተማን ለቀው ከወጡ ብዙ አልቆዩም፤ የሸሸው ሰው በሚኒባስም በእግሩም እየተመለሰ የተገነጠለ በሩን በሽቦ ያስራል። እኔን ከደሴ የላከኝ አዛዤ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ "ሰላማዊት፣ ጠላት ዘረፈው ብለሽ ዝጊውና ነይ" አለኝ። አዛዤ መዝገብን ሳይከፍት መዝጋት የሚወድ ሰው ነው። ማዕረጉ ከእኔ የበለጠው በዚሁ ችሎታው ይመስለኛል።

ሐይቅ ላይ ረዳት ተብሎ የተሰጠኝ ሳጅን ኡበይድም ከእሱ አይሻልም። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ላሜራው ላይ ያለ አንድ ስርጉድ በጣቱ አሳየኝ።

"ይኸው ኢንስፔክተር፣ የሰደፍ ምልክት ነው። እነሱ ናቸው።"

"በሩ ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም።"

"ተገንጥሏል?"

"ኧረ አልተገነጠለም።"

"ታዲያ አንዴ በሰደፍ መትተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ በቁልፍ ከፍተው ገቡ ነው የምትለኝ?"

ሳጅኑ ጫማውን አየ። ከመንገዱ ማዶ ታጣቂዎቹ በእርግጥ የገቡባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ በሮቻቸው በእግር እንደተረገጠ ጣሳ ተጨራምተዋል። የቅሬው በር ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ሁለት ሲሊንደር አለው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ እሳት የሚጭርለት፣ ሲሞት ጉድጓድ የሚምስለት የለም። ይሄኛው ቅሬ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። የላይኛው ሲሊንደር ቁልፍ በክርስቲያን እጅ፣ የታችኛው በሙስሊም እጅ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስም ሁለቱ ቁልፎች ሕዝብ እያያቸው ሲሊንደራቸው ውስጥ ይቆያሉ፤ ቁልፍ ኪስ የሚገባው በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሰው ልጅን በደንብ ያውቁት ነበር።

"ቁልፎቹ እነማን ጋ ናቸው?" አልኩት።

"የላይኛው የቅሬው ዳኛ አቶ ሙላት ጋ። የታችኛው ሀጀራ ጋ። ባሏ ይይዘው ነበር፤ ሲሞት አማናው ወደሷ አለፈ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁሉም ሲሸሽ ሐይቅ የቀረችው እሷ ናት።"

"አንተስ የቅሬው አባል ነህ?"

"እናቴ አሮጊት ናቸው ኢንስፔክተር። እንዴት አልሆንም?"

ወለሉ ላይ ስንዴ ፈሷል። ጆንያዎቹ የተደረደሩበትን የእንጨት ርብራብ ሳነሳ ከፈሰሰው ስንዴ መሃል አንዲት ደቃቃ ሞላ አገኘሁ፤ ከጤፍ አገዳ የቀጠነች የሽቦ ጥምዝ ናት።

"የእስክሪብቶ ሞላ ነው" አለ ሳጅኑ ወዲያው።

የእስክሪብቶ ሞላ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። በመሀረቤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

ይህን ጊዜ አቶ ሙላት መጡ። ቀይ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገዋል። ሳጅኑ ከግማሽ በላይ አጎነበሰላቸው። አቶ ሙላት ከለውጡ በፊት የቀበሌ ሰው ነበሩ፣ ከለውጡም በኋላ የቀበሌ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ገብቼ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ የድሮዎቹ ባለሥልጣናት ፎቶ ወርዶ የአዲሶቹ ተሰቅሏል፤ ሚስማሩ ያው ነው።

"ታጣቂ ሐይቅን ሲይዝ የት ነበሩ?"

"ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዩ ጋር። መጠለያውን ስመራ ያየኝ ሕዝብ ነው፤ ማንን ልጥራልሽ?" ካንገታቸው ላይ ክር መዘው ቁልፍ አሳዩኝ። "ከማተቤ ጋር አስሬው ነው የሄድኩት። ለአንድ ቀን ካንገቴ አልወረደም።"

"መቼ ተመለሱ?"

"መንገዱ ሲከፈት፣ ከኮሚቴው ጋር። በሩን የከፈትነውም ሕዝብ ባለበት ነው።" ተነፈሱ። "ምስኪን ሀጀራ! እኔ አልፈርድባትም። ችግር ሰውን ምን የማያደርገው አለ? ቅሬው ነው ነገ ተሰብስቦ የሚፈርደው።"

"ምን ብሎ?"

"ከወጣች ወጣች ነው። ደንብ ደንብ ነው።"

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያለው ኀዘን በልክ የተሰፋ ነበር። ቁልፉን ተቀበልኳቸው። ሲሰጡኝ ደስ ብሏቸው ነው፤ ያኔ ነበር ነገሩ የከነከነኝ።

ሀጀራ ቤቷ መጋዘኑ አጥር ሥር ነው። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት ቀጭን ሴት ናት፤ ቀኝ ትከሻዋን በጨርቅ አስራ በግራ እጇ ውሃ ትቀዳለች። መደቡ ላይ እናቷ እማ መስኡዳ ተኝተዋል። ዓይናቸው አይገለጥም፤ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ሀጀራ ያልሸሸችው እሳቸውን ተሸክማ መውጣት ስላልቻለች ነው።

"ትከሻዎን ምን ሆኑ?" አልኳት።

"በሰደፍ ነው። መጋዘኑን ሊከፍቱ መጡ። በሩ ላይ ቆሜ፣ የጀናዛ ዕቃ ነው፣ ቃሬዛ ነው፣ ለሟች የምንለው ነገር ነው አልኳቸው። አንዱ መታኝ፤ ሁለተኛውን ሲሰነዝር ጎንበስ ብል በሩን አገኘው። ከዚያ ትልቃቸው ተው አላቸውና ሄዱ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።"

"በሩን ማን ሲከፍት አዩ?"

"ማንም። ጧት ማታ እየሄድኩ እገፋው ነበር፤ ዝግ ነው። አማና አይደል፣ የኔ ልጅ? እነሱ ደጅ ሲያድሩ እኔ ሳልበላ ስንዴውን ጠበቅሁላቸው። አሁን በላሽው ይሉኛል።" አላለቀሰችም። የተናደደች ሴት ድምፅ ነበር። "እኔስ ከቅሬ ልውጣ፤ አላህ አለ። እሷን ግን ማን ይቀብርልኛል? በዚህ ትከሻዬ እኔ ልቆፍርላት?"

የጠፋውን ዕቃ ዘረዘረችልኝ። ድንኳኑ አንድ ጎኑ ላይ ተቀዶ የእናቷ ቀይ ሻል ተጥፎበት እንደነበር ነገረችኝ። የጣፈችው ራሷ ናት።

"መጨረሻ በሩ የተከፈተው መቼ ነው?"

"ሰው ከመሸሹ በፊት በነበረው ጁምዓ፣ ስንዴው ሲገባ። ውሎውን ክፍት ነበር። ሰላት ሲደርስ በሩን ጥዬ እንዴት ልሂድ ብል፣ ሙላት 'ሂጂ ስገጂ፣ ቁልፍሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ' አለኝ። እሱ እንኳ ደግ ነው። ስመለስ ደግሞ ሲሊንደሩን ዘይት ጠብ አድርጎልኝ ቆየ።"

"ዘይት?"

"አዎን፣ ስቆልፈው ለሰለሰብኝ። ድሮ ይንቋቋ ነበር፤ ያን ቀን ዝም አለ። እንዲያውም ዙሩን ሳልጨርስ መሃል ላይ ቁልፉ እጄ ላይ ወጣ። ምን ነካው ስለው፣ 'ዘይት ቀብቼልሽ ነው' አለኝ። ከዚያ በሰው ፊት ሁለታችንም ቆለፍን።"

እማ መስኡዳ አቃሰቱ። ሀጀራ ቁልፏን ሰጥታኝ ወደ መደቡ ዞረች።

ሳጅን ኡበይድ መንገድ ላይ አዲስ ሐሳብ ተገለጠለት። ለእሱ ሐሳብ የሚገለጥለት እንዲህ ባደባባይ ነው።

"የታችኛው ቁልፍ የራሷ ነው። የላይኛውን ደግሞ አስቀርጻ ይሆናላ፤ ሲሊንደሮቹን የሸጠው ሰላሀዲን ነው።"

ሰላሀዲን ሱቁ ውስጥ ተዘርፈው ባለቁ መደርደሪያዎች መሃል ተቀምጦ ነበር። ወሬ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ መደርደሪያው ባልጎደለ ነበር።

"እኔ ነኝ የሸጥኩት፣ የጣሊያን ነው!" አለ።

"የጣሊያን ነው?"

"የጣሊያን ዓይነት ነው እንጂ… የቻይና ነው።"

"ትርፍ ቁልፍ አስቀርተሃል?"

"አስታግፊሩላህ! እኔ ቁልፍ ልቀርጽ? ሐይቅ ውስጥ መቅረጫ ማሽን ያለው ማን ነው? ደሴ ነው የሚቀረጸው። ሀጀራ ደግሞ እናቷ ከተኙ ወዲህ ከሰፈር ወጥታ አታውቅም። ሙላትም ቁልፉን ካንገቱ አያወርደውም። ምን የመሰለ ጥንቁቅ ሰው!" ሙላትን ሲያነሳ ድምፁ ለሰለሰ። "ያን ሰሞን እንኳ፣ ከጁምዓው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ፍራሽ ተሸክሞ ሲራወጥ እሱ ተረጋግቶ የቤቱን ዕቃ አይሱዙ ላይ አስጫነ። ገመድ ከኔ ነው የገዛው፤ ራሴ ነኝ ያሰርኩለት። እንዴት ያለ ወፍራም ሸራ አልብሶት ነበር መሰለሽ! ቀይ ነገር የተጣፈበት።"

ሳጅኑ ያዛጋል። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ቀይ ጨርቅ የትም አለ። በቀይ ጨርቅ ብቻ ሰው አይያዝም።

ጣቢያ ተመልሰን የላይኛውን ሲሊንደር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ነቅዬ ያመጣሁት በሩን ከፍቼ ነው። ሲሊንደር የሚይዘው አንድ ረጅም ብሎን አለ፤ ከበሩ ጠርዝ ጎን ነው የሚገባው፤ በሩ ዝግ ከሆነ አይታይም። ብሎኑ ቢፈታ እንኳ ቁልፉ ገብቶ ትንሽ ካልዞረ ሲሊንደሩ አይወጣም፤ ጀርባው ላይ ያለችው መቀርቀሪያ ጎታች ምላስ ትይዘዋለች። ይህን የተማርኩት ፖሊስ ኮሌጅ አይደለም። የቀድሞ ባሌ በር እየቆለፈብኝ ያስተማረኝ ነው።

"ሀጀራ ቁልፍ ካላስቀረጸች የላይኛውን ሆድ ነካክታው ይሆናል" አልኩት ሳጅኑን። "እንየው።"

መሀረቤን ዘርግቼ የጀርባውን ቀለበት በካቻቢቴ አወጣሁ፤ የአቶ ሙላትን ቁልፍ ከትቼ በትንሹ አዞርኩና የሚዞረውን የውስጥ በርሜል ቀስ ብዬ ሳብኩ። ፒኖቹና ሞላዎቹ መሀረቡ ላይ ረገፉ። ሳጅኑ አጎንብሶ ሲያያቸው በትንፋሹ ሊያበርራቸው ነበር።

"ራቅ በል። ተመልከት፤ በርሜሉ ላይ በመስመር የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። እላይ ባለው ሽፋኑም ላይ ልክ በነሱ አናት ቀዳዳ አለ። በያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት የናስ ፒን ይደራረባል፤ ካናቱ ሞላ ይጫነዋል። ቁልፍ ከሌለ ሞላው የላይኛውን ፒን ወደ ታች ይገፋና ግማሹ ሽፋኑ ውስጥ፣ ግማሹ በርሜሉ ውስጥ ይሆናል። በርሜሉ እንዳይዞር የሚይዘው እሱ ነው።"

"ቁልፉ ሲገባስ?"

"የቁልፉ ጥርስ ታችኞቹን ያነሳቸዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ከሆነ የሁሉም መጋጠሚያ በርሜሉና ሽፋኑ የሚለያዩበት መስመር ላይ እኩል ይገጥማል፤ ያኔ ይዞራል። አንዱ ፒን ከፍ ወይ ዝቅ ካለ አይዞርም። ከዞረ በኋላ ደግሞ ታችኞቹ ፒኖች ቁልፉን ነክሰው ስለሚይዙት፣ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቁልፉ አይወጣም።"

ይህን ስል ራሴው ቆም አልኩ። ሀጀራ ቁልፉ መሃል ላይ እጇ ላይ ወጣ ነበር ያለችኝ።

ፒኖቹን አንድ ባንድ መለስኳቸው። የጎደለ የለም፤ የተሞረደ የለም። የላይኛው ሲሊንደር ከነአቧራው ጤነኛ ነው። ቀለበቱን ገጥሜ ስጨርስ ግን መሀረቡ ላይ አንዲት ሞላ ተረፈችኝ።

"አበላሹት ኢንስፔክተር!" ሳጅኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። እውነት ለመናገር እኔም ያበላሸሁት መስሎኝ እንደገና ፈታሁት። ሁሉም ቀዳዳ ሞላ አለው። መሀረቡ ግን ጠዋት ያቺን ከስንዴው ውስጥ ያገኘኋትን ሞላ የጠቀለልኩበት ነው። ከሲሊንደሩ ሞላዎች ጋር አስተያየኋት። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

"የእስክሪብቶ አይደለችም" አልኩት። "ተነስ።"

በሩን ዘግተን፣ የደሴ ቤቴን ቁልፍ አውጥቼ የቅሬው የታችኛው ሲሊንደር ውስጥ ከተትኩት። የገበያው ርካሽ ሲሊንደር ሁሉ ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው፤ መግባቱ አያስገርምም። ከዚያ አዞርኩት። ዞረ፤ ሳይንቋቋ፣ እንደ ቅቤ። መሃል ላይ ሳብኩት፤ ወጣ።

ሳጅን ኡበይድ ቁልፉን ተቀብሎኝ ራሱ ሞከረው፤ ዞረለት። በሩን ከፍተን ሲሊንደሩን አወጣሁት። ሆዱ ባዶ ነው። አንድ ፒን፣ አንዲት ሞላ የለውም። ዘይት የተባለውም ጠብታ እንኳ የለም።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"አስብ" አልኩት። "ነገ ሕዝብ እስኪሰበሰብ ጊዜ አለህ።"

በማግስቱ ጧት ወደ ስብሰባው ስሄድ ሀጀራ ከበሯ ላይ በእጇ ጠራችኝ። ገባሁ። እማ መስኡዳ ፊታቸው ተሸፍኗል።

"ለፈጅር ስነሳ ሄዳ አገኘኋት" አለችኝ። "አሁን ለማንም እንዳትናገሪ።"

"እንዴት? ዛሬውኑ መቀበር የለባቸውም?"

"አለባት። ግን አሁን ብነግራቸው ይራሩልኛል። 'ሬሳ አላትና እንተውላት' ይላሉ። ሌባ ብለው ይቅር እንዲሉኝ አልፈልግም፣ የኔ ልጅ። በሀቅ ይፍረዱ። ከፈረዱ በኋላ ንገሪያቸው። ካስወጡኝም ጎረቤት አልጠራም፤ ጎትቼም ቢሆን እወስዳታለሁ።"

በዚያች ከተማ ውስጥ ያልናቅኋት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። የእናቷ ጀናዛ ቤት ውስጥ ቀባሪ እየጠበቀ፣ እኔ ስለ ቁልፍ ላወራ ወጣሁ።

ቅሬው መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስቧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። አቶ ሙላት መሃል ቆመው ስለ አንድነት፣ ስለ መተማመን፣ ስለ ለውጥ ተናገሩ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከነዚህ ውስጥ ሀጀራ ስትመታ አጠገቧ የነበረ የለም፤ ለመፍረድ ግን አንድም አልቀረም።

"ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ" አልኩ። ሲሊንደሮቹን ሁለቱንም ቦታቸው መልሼ ቆልፌያቸዋለሁ። "የራሱን ቤት ቁልፍ የያዘ ማነው?"

አሚናት የምትባል አሮጊት ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አንድ ቁልፍ ሰጠችኝ። ታችኛው ውስጥ ከትቼ አዞርኩት። ዞረ። የሰላሀዲን የሱቅ ቁልፍም ዞረ። የሳጅን ኡበይድም ዞረ፤ እሱም እንደ ጥፋተኛ ደነገጠ። ሕዝቡ መንጫጫት ጀመረ። ከዚያ ያንኑ ሁሉ ቁልፍ በላይኛው ሞከርኩ። አንዱም አልዞረም።

"የታችኛው ሆዱ ተዘርግፏል። ፒን የለውም" አልኩ። "ይህ የሚደረገው በሩ ክፍት ሆኖ፣ የሀጀራም ቁልፍ ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ ነው። በደንባችሁ ቁልፉ ውስጡ የሚቆየው በሩ ሲከፈት ነው። ሰው ከመሸሹ በፊት መጨረሻ የተከፈተው ጁምዓ ዕለት ነው። አንዲት ሞላ ተፈናጥራ ስንዴው ውስጥ ገብታ ነበር፤ ይቺውላችሁ።"

"እንግዲያው ራሷ ናታ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ቁልፉ የሷ!"

"ስምህን አልፈልግም፤ ግን አስብ። የታችኛው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ያለ ሴት የታችኛውን ሲሊንደር ለምን ትዘረግፋለች? እሷን የሚያግዳት የላይኛው ነው። የላይኛው ደግሞ አንድ ፒን አልጎደለበትም። በሩን ለብቻው መክፈት ፈልጎ የታችኛውን ብቻ የሚያጠፋ ሰው፣ የላይኛው ቁልፍ ያለው ሰው ነው።"

ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ካፖርት ዞሩ።

"እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ!" አሉ አቶ ሙላት።

"ነበሩ። የካደዎት የለም። ስንዴው ግን ታጣቂ ሲመጣ እዚህ አልነበረም። ሰላሀዲን፣ ጁምዓው ካለፈ በኋላ ለአቶ ሙላት አይሱዙ ገመድ ስታስር የለበሰው ሸራ ምን ይመስል ነበር?"

ሰላሀዲን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውራት ጠላ። "ወፍራም… ቀይ ሻል የመሰለ የተጣፈበት።"

"የመስኡዳ ሻል!" አሚናት ጮኸች። "የድንኳናችን ነው! እኔ ነኝ ክሩን ያቀበልኳት!"

"ጁምዓ ዕለት፣ 'ሂጂ ስገጂ፣ ቁልፍሽን እጠብቃለሁ' ያላት ማነው? 'ዘይት ቀብቼልሽ ነው' ያላትስ?"

አቶ ሙላት ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ሌላ ፊት አወጡ። "እሺ፣ ወሰድኩት! ታጣቂ ይብላው ነበር? የቅሬውን ሀብት አሽሽቼ ላድን ብዬ ነው!"

ጥቂት ራሶች ሲነቀነቁ አየሁ። አሁንም ሊያምኑት ዝግጁ ናቸው። ከዚህ በኋላ አንቱታዬን አነሳሁ።

"ያዳንከው ስንዴ የት አለ? ስትመለስ ለምን 'ይኸው' አላልክም? ለምን ሕዝብ ሰብስበህ ባዶ ቤት ከፍተህ አብረሃቸው ጮህክ? ይቺ ሴት ትከሻዋ የተሰበረው አንተ ጠርገህ የሄድከውን ባዶ ቤት ስትጠብቅ ነው። ስንዴ መስሏት ያንተን ባዶነት ነበር የጠበቀችው። ቃሬዛውን ለምን ተውከው? ገዢ ስላጣህለት ነው።"

ሙላት ካፖርቱን ሰብስቦ ሊሄድ ዞረ። ሳጅን ኡበይድ ሳላዘው ሄዶ እጁን ያዘው። እንደዚያ ደፋር ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አሁን ሀጀራ ላይ ምን ፈረዳችሁ?" አልኳቸው።

"ንጹሕ ናት!" "ሀቋ ነው!" "ካሳ ይገባታል!" ሁሉም በአንዴ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሊያወጧት የመጡት እነዚሁ አፎች ናቸው።

"እንግዲያው ስሙ። እማ መስኡዳ ዛሬ ፈጅር ላይ አርፈዋል። ልጃቸው እንዳትነግሪያቸው ብላኝ ነው፤ ርኅራኄያችሁን አልፈለገችውም።"

ሴቶቹ ጮኹ። ወንዶቹ አንዳንዶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። አሚናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ብቻዋን? ጀናዛ ይዛ ብቻዋን?" እያለች ወደ ሀጀራ ቤት ሮጠች። ከዚያ ሁሉም ሊረዳ ተጋፋ። አካፋ የሚያመጣ፣ ውሃ የሚያሞቅ፣ የከፈን ጨርቅ የሚያፈላልግ። አንድ ጎረምሳ ቃሬዛውን ሊያወጣ ወደ በሩ ሮጠና የራሱን ቁልፍ የታችኛው ሲሊንደር ውስጥ ከተተ።

"ተወው!"

ሀጀራ ነበረች። የታሰረ ትከሻዋን ይዛ በሰው መሃል መጣች፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ልጁ ቁልፉን አወጣ። ቁልፏን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የሙላትንም እኔ ያዝኩት።

"የላይኛውን አንቺ አዙሪው" አለችኝ። "ክርስቲያን ያዙረው ነው ደንቡ።"

"የዚህ ቅሬ አባል አይደለሁም እኮ።"

"ዛሬ ነሽ።"

የላይኛውን አዞርኩ፤ ተንቋቋ። እሷ የታችኛውን፣ ማንም ቁልፍ የሚከፍተውን፣ በራሷ ቁልፍ አዞረች። በሩ ተከፈተ፤ ወንዶቹም ገብተው ቃሬዛውን ተሸከሙ።

ደንቡ እንደሚለው ሁለቱን ቁልፎች ሲሊንደራቸው ውስጥ ትተን ልንሄድ ነበር። የላይኛው ቁልፉን ነክሶ ያዘ። የታችኛው ግን የሚይዝበት የለውም፤ ቁልፏ ወደ ውጭ ተንሸራተተ። ሀጀራ አየችው፤ ቀጥላ ወደ ቤቷ፣ ወደ እናቷ አየች።

"ሂጂ" አልኳት። "ቁልፍሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ። ሀጀራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ለማመን ሰው ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው እኔ አላውቅም። ሄደች።

እኔም ቃሬዛው ደርሶ እስኪመለስ፣ ቁልፉ እንዳይወድቅ በጣቴ ደግፌ በሩ ላይ ቆምኩ።